የመቅደላው ናፒየር፦ መሐንዲሱ መኮንን የዘመቻ አዛዥ የሆነበት መንገድ

ጠያቂው ያነሡት ነገር ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ «በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር የመራው ጄኔራል ናፒየር ከዚያ በፊት ምን ሲሠራ ኖረ? እንግሊዝ ብዙ ስመ ጥር አዛዦች እያሏት እሱ ለምን ተመረጠ? በመቅደላ ለተፈጸመው ዘረፋስ እሱ ራሱ ምን ያህል ይጠየቃል?» ሦስቱም ጥያቄዎች እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ የሰውዬውን የአገልግሎት ዘመን ከመነሻው ጀምሬ አብራራለሁ። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አስቀድሜ ልናገር የምወደው፣ ናፒየር በእኛ ዘንድ ከሚታወቅበት የድል አድራጊ ጄኔራል መልክ ይልቅ ዕድሜውን አብዛኛውን ቦይ ሲቀይስ፣ መንገድ ሲጠርግና የጦር ሰፈር ሲሠራ ያሳለፈ የምህንድስና መኮንን መሆኑን ነው። መቅደላ የደረሰውም በዚሁ ሙያው ነው።

ሮበርት ኮርኔሊስ ናፒየር በ1810 በሴሎን፣ በዛሬይቱ ስሪ ላንካ፣ ኮሎምቦ ከተማ ተወለደ። አባቱ የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ ነበር፤ የልጁ ሁለተኛ ስምም አባቱ ክፉኛ ከቆሰለበት ከጃቫ ደሴቱ የሜስተር ኮርኔሊስ ምሽግ የተወሰደ ነው። ትምህርቱን የተከታተለው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ፣ በዚያን ጊዜ ሕንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት፣ ለራሱ ጦር መኮንኖች በሚያሠለጥንበት በአዲስኮምብ የጦር ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በ1826 በቤንጋል የምህንድስና ጓድ ውስጥ ተሾመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን በንጉሡ ጦር ውስጥ የእግረኛና የፈረሰኛ መኮንንነት በገንዘብ የሚገዛ ማዕረግ ነበር፤ ባለጸጋ ቤተሰብ ያለው ወጣት ከፍሎ ይገባል፣ ከፍሎም ያድጋል፤ ይህ አሠራር የተሻረው በ1871 ብቻ ነው። በኩባንያው ጦር ግን ማዕረግ አይሸጥም ነበር፤ የምህንድስናው ጓድ ደግሞ በፈተና ብልጫ ላገኙት የሚሰጥ ቦታ ነበር። የዚህ መልካም አሠራር ጉድለቱ ዕድገቱ እጅግ አዝጋሚ መሆኑ ነው፤ ከበላይ ያለው እስኪሞት ወይም ጡረታ እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነበር። ናፒየር የሻምበልነት ማዕረግ ያገኘው ከተሾመ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1841 ነው። ሀብትም ሆነ በለንደን ደጋፊ ያልነበረው መኮንን ስሙን ሊያስጠራ የሚችለው በሥራው ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሥራውም የውጊያ ሥራ አልነበረም። ሕንድ እንደ ደረሰ በምሥራቅ ጁምና የመስኖ ቦይ ላይ ተመደበ፤ በ1830ዎቹ መጨረሻ በሂማላያ ግርጌ የዳርጂሊንግን ከተማ ቀየሰ፣ ከሜዳው ወደዚያ ተራራ የሚወጣውንም መንገድ ጀመረ። በመቀጠል በአምባላ አዲስ የጦር ሰፈር እንዲሠራ ታዘዘ። ቀድሞ የወታደር ማደሪያዎች ተደርድረው ስለሚሠሩ አንዱ የሌላውን ነፋስ ይከልል ነበር፤ ናፒየር ቤቶቹን እያፈራረቀና ፈቀቅ እያደረገ አቆማቸው፤ አየር እንደ ልብ እንዲዘዋወር ነው። ይህ አሠራር በስሙ ይጠራ ጀመር። በሕንድ የሰፈረው የእንግሊዝ ወታደር ከጥይት ይልቅ በበሽታ ያልቅ ስለነበር፣ ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ቢመስልም ትልቅ ቁም ነገር ነው። ለመቅደላው ዘመቻ ሲዘጋጅ ከውጊያው ስልት በፊት ውኃን፣ ጤናንና ማደሪያን ያሰበው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጦርነት ያየው ሠላሳ አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ከ1845 እስከ 1846 በተደረገው የመጀመሪያው የሲክ ጦርነት፣ በሙድኪ ፈረሱ ተመቶበት ወደቀ፣ በፌሮዝሻህ ክፉኛ ቆሰለ፤ በሁለተኛው የሲክ ጦርነት ደግሞ የሙልታንን ከበባ የምህንድስና ሥራ መራ፣ እዚያም ቆሰለ። እንግሊዞች በ1849 የሲኮችን አገር ፑንጃብን ከያዙ በኋላ የአገሩ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ሰባት ዓመት ያህል ሠራ፤ ከላሆር እስከ ፔሻዋር የሚደርሰው ታላቁ መንገድና የባሪ ዶአብ ቦይ በእሱ አመራር የተያዙ ሥራዎች ናቸው። የሥራው ጥራት ሲመሰገን፣ ወጪው ግን አለቆቹን ያስጨንቅ ነበር። የፑንጃብ አስተዳዳሪ የነበረው ጆን ሎረንስ ናፒየር ገንዘብ ሲያወጣ ወደ ኋላ አያይም እያለ ብዙ ጊዜ አማሯል። ይኸው ሎረንስ ዘመቻው በታሰበበት በ1867 የሕንድ እንደራሴ ነበር፤ ወጪውን በተመለከተ የቀድሞ ስጋቱ ትክክል እንደ ነበር ወደ በኋላ እንመለከታለን።

ከ1857 እስከ 1858 በተደረገው የሕንድ ዐመፅ ጊዜ በላክናው ተዋግቶ ቆሰለ፣ ቀጥሎም በግዋሊየር አካባቢ ከዐመፁ መሪዎች አንዱ የነበረውን የታንትያ ቶፔን ጦር አሳዶ በተነ። በ1860 በቻይናው ጦርነት አንድ ክፍለ ጦር መርቶ የታኩ ምሽጎች ሲያዙና ጦሩ ፔኪንግ ሲገባ ነበረበት። ከዚያ በሕንድ እንደራሴ ምክር ቤት የጦር ጉዳይ አባል ሆነ፤ እንደራሴው ሎርድ ኤልጊን በ1863 ሲሞትም ተተኪ እስኪደርስ ለጥቂት ጊዜ ቦታውን ሸፍኗል። በ1865 የቦምቤይ ጦር ዋና አዛዥ ሆነ። መቅደላን የወሰነው ይህ የመጨረሻው ሹመት ነው።

ለምን እሱ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። የለንደን መንግሥት ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን ቆንስል ካሜሮንን፣ እሱን ለማስፈታት የተላከውን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምንና ሌሎቹን አውሮፓውያን በኃይል ለማስለቀቅ በነሐሴ 1867 ሲወስን፣ ወደ ቀይ ባሕር በቶሎ ሊደርስ የሚችል፣ ቆላውንና ደጋውን የሚችል፣ በቅሎና ግመል ይዞ መጓዝ የለመደ ጦር ያለው በሕንድ ብቻ ነበር፤ ከሕንድም ለቀይ ባሕር የሚቀርበው ወደብ ቦምቤይ ነው። ስለዚህ ዘመቻው ከለንደኑ የጦር ሚኒስቴር ይልቅ በሕንድ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ለቦምቤይ መንግሥት ተሰጠ፤ የቦምቤዩ ገዢ ሲይሞር ፊትዝጀራልድም አዛዥ እንዲሆን ያቀረበው በእጁ ያለውን የጦር አለቃ ነው። ቅሬታ አልጠፋም፤ ከዚያ በፊት ከምህንድስና ጓድ የወጣ መኮንን አንድን ሙሉ ዘመቻ እንዲመራ ተመርጦ አያውቅም ነበርና። ነገር ግን ናፒየር ስንት ሰው፣ ስንት እንስሳ፣ ስንት መርከብ እንደሚያስፈልግ ሲጠየቅ ያቀረበው ስሌት የዘመቻው ችግር ሠራዊት አለመሆኑን ያሳያል። የዐፄ ቴዎድሮስ ግዛት በዚያን ጊዜ ወደ መቅደላና አካባቢዋ ጠብቧል፤ ትግራይ በደጃዝማች ካሳ፣ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ሸዋ በምኒልክ እጅ ነበር። ለእንግሊዞች ከባዱ ነገር ከባሕሩ ጠረፍ እስከ አምባው ያለው ከ600 ኪሎ ሜትር የማያንስ ገደልና ተራራ ነው።

ወደ ዙላ የባሕር ዳርቻ የወረደው ኃይል ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ወታደርና ከእጥፍ የማያንስ አገልጋይ፣ 44 ዝሆኖችን ጨምሮ ከ40 ሺህ በላይ የጭነት እንስሳት ነበሩት። ናፒየር ራሱ በጥር 1868 መጀመሪያ እስኪደርስ ድረስ ቦታው ቅጡ የጠፋበት ነበር። በቅሎዎቹ ከየአገሩ ተገዝተው ሲራገፉ ተቀባይ ጠባቂ የላቸውም፤ የታሰሩበትን ገመድ እያኘኩ በርሃ ለበርሃ ይበተናሉ፤ በውኃ ጥምና በበሽታ ሲሞቱ ሬሳቸው ዳርቻውን ሞላው። ዙላ የሚጠጣ ውኃ ስለሌለው የባሕር ውኃ በመርከቦች ላይ እየተፈላ፣ እንፋሎቱ ተጠራቅሞና ቀዝቅዞ ነበር የሚታደለው። መሐንዲሶቹ ወደ ባሕሩ የሚዘልቁ ሁለት የመርከብ ማራገፊያዎች ሠሩ፣ ከሕንድ በመጣ አሮጌ ሐዲድ ከዙላ ወደ ኩማይሌ የሚያመራ አጭር የባቡር መንገድ ዘረጉ፣ የቴሌግራፍ ሽቦም ጦሩን ተከትሎ ወደ ደጋው ወጣ። ከኩማይሌ ወደ ሰንዓፌ የሚያወጣውን የሱሩን ጠባብ ገደል በባሩድ እየፈነዱና ድንጋዩን እየገለበጡ ጋሪ የሚያሳልፍ አደረጉት። አንድ ጄኔራል ውጊያ ሳይጀምር ወራት በዚህ ሲያጠፋ የለንደን ጋዜጦች ዘገየ ብለው ወቀሱት፤ የክረምቱ ዝናብ ሳይጥል ደርሶ መመለስ እንዳለበትም ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

የመንገዱ ሁለተኛ ግማሽ በገንዘብና በስምምነት የተሠራ ነው። ናፒየር ጠባችን ከቴዎድሮስ ጋር ብቻ ነው የሚል አዋጅ አሰራጭቶ፣ ጦሩ ለሚወስደው እህል፣ ሣርና ከብት ሁሉ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍል አዘዘ። ባላገሩ የሚቀበለው የማርያ ትሬዛን ብር ብቻ፣ እሱንም የንግሥቲቱ ዘውድና ዕንቁ በግልጽ የሚታይበትን እያገላበጠ አይቶ ስለ ነበር፣ ብሩ በብዛት ከቪየና መጣ። በየካቲት ከደጃዝማች ካሳ ጋር በሐውዜን አካባቢ ተገናኙ፤ ናፒየር ዝሆን ላይ ተቀምጦ ነበር የመጣው፣ ይህም ለማስደነቅ የታሰበ ነገር ነው። ካሳ ለጦሩ መንገድ ከለቀቁና ስንቅ እንዲሸጥ ከፈቀዱ በኋላ፣ እንግሊዞች ሲመለሱ መድፍ፣ ሞርታርና ከ800 በላይ ጠብመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። ካሳ በ1871 ከዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ (ከቀድሞው ዋግሹም ጎበዜ) ጋር አድዋ አጠገብ ገጥመው ያሸነፉት በዚህ መሣሪያ ጭምር ነው፤ ቀጥሎም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። ናፒየር በኢትዮጵያ ፖለቲካ አልገባም ሲባል ይሰማል፤ ይህ ውጤት ግን አባባሉን አይደግፍለትም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚያስደንቀኝ ከዋድላ ወደ ጅጣ ገደል በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የተከሰተው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን ሞርታርና ሌሎቹን መድፎች በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ድንጋይ በገዛ እጃቸው ጭምር እያነሡ፣ ወራት የፈጀ መንገድ ሠርተው መቅደላ የደረሱት እንግሊዞች ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የናፒየር ጦር ወደ ጅጣ ሲወርድና ወደ ደላንታ ሲወጣ የተጓዘው ንጉሡ ባሠሩት በዚሁ መንገድ ነበር፤ በጽሑፍ ያስቀሩት እንግሊዛውያንም ያለ መሣሪያና ያለ ባለሙያ እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱን አድንቀዋል። በሕንድ ተራሮች መንገድ ሲጠርግ የኖረው መሐንዲስ ዳገቱንና ጠመዝማዛውን ሲያይ የሥራውን ክብደት ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚመዝን ሰው እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ውጊያው ራሱ አጭር ነው። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የንጉሡ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከአምባው ወርዶ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ ገጠመ። እንግሊዞች ከኋላው የሚጎርሰውን ስናይደር ጠብመንጃና ሮኬት ይዘው ነበር፤ ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 ያህል ሲገደሉ ገብርዬም ወደቁ፣ ከእንግሊዝ በኩል ግን የቆሰሉት 20 ያህል ነበሩ፣ ከእነሱም 2 ሞቱ። ከዚህ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ስለ ናፒየር ጠባይ ከውጊያው ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ንጉሡ ሊታረቁ ሲልኩ፣ ናፒየር አውሮፓውያኑን ሁሉ አስረክበው ለእንግሊዝ ንግሥት እንዲገዙ፣ ይህን ቢያደርጉ በክብር እንደሚያዙ መለሰ። በክብር መያዝ ምን ማለት እንደሆነ፣ እስር ይሁን ወይስ በጠላቶቻቸው ላይ እርዳታ፣ ንጉሡ ቢያስጠይቁም ግልጽ መልስ አላገኙም። እንዲህም ሆኖ እስረኞቹን ለቀቁ፤ በትንሣኤ ዕለት ደግሞ 1 ሺህ ላምና 500 በግ ስጦታ ላኩ። ስጦታው ተቀባይነት እንዳገኘ የሚገልጽ ቃል ደረሳቸው፤ ቆይቶ ግን ናፒየር ከብቶቹን መቀበል እርቅን መቀበል መሆኑን ሲረዳ ወደ ሰፈሩ እንዳይገቡ አደረገ። በኢትዮጵያ ልማድ ስጦታ ተቀብሎ መውጋት ክህደት ነውና ንጉሡ የተታለሉ መስሎ ቢሰማቸው አያስገርምም። በእኔ አስተያየት ናፒየር ሆነ ብሎ አላታለለም፤ ነገር ግን የመጣበት ትእዛዝ እስረኛ ማስለቀቅ ሆኖ ሳለ፣ እስረኞቹ ከተለቀቁ በኋላ አምባውን መውጋቱ የራሱ ውሳኔ ነበር።

ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ሲወጋ የተፈጸመው ነገር ለመሐንዲስ ጄኔራል የሚያሳፍር ነው። ኮኪት በር ላይ የደረሰው የምህንድስና ቡድን በሩን የሚያፈርስበትን ባሩድና ለመውጫ የሚሆነውን መሰላል ሳይዝ መምጣቱ ታወቀ። ስንት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ የሠራ ጦር በመጨረሻው በር ላይ ባዶ እጁን ቆመ። የ33ኛው ሬጅመንት ወታደሮች አጥሩን ተንጠላጥለው ገቡ፤ ሁለተኛው በር ዘንድ ሲደርሱ ዐፄ ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገድለው ነበር።

ዘረፋውን በተመለከተ፣ ወታደሩ ከአዛዡ እጅ ወጥቶ የፈጸመው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በመጀመሪያው ቀን ሥርዓት የጎደለው ዘረፋ ነበር፤ ከዚያ ግን የተወሰደው ዕቃ በናፒየር ትእዛዝ ተሰብስቦ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ፣ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ምርኮን እንዲህ ማከፋፈል በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ሕግና ልማድ የሚያውቀው አሠራር ነበር፤ ሕጋዊ መሆኑ ግን የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ከመቸርቸር አላዳነም። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆምስ ለሙዚየሙ እየመረጠ ገዛ፤ ወደ 350 የሚደርሱ የብራና መጻሕፍት ወደ እንግሊዝ ተጓዙ፣ ከተጫኑት ውስጥ የበዙት ደግሞ በመንገድ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ካህናት ተሰጡ። መቅደላ ሚያዝያ 10 ቀን በእሳት ስትጋይ ቤተ ክርስቲያኒቱም አብራ ነደደች። እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879 ገና በ18 ዓመቱ ሞተ። ይህ ሁሉ በአዛዡ ፊርማ ወይም በአዛዡ ፈቃድ የሆነ ነው። በሌላ በኩል የወርቁ ዘውድና ጽዋ ጉዳይ በ1871 በእንግሊዝ ምክር ቤት ሲነሣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን ዕቃዎቹ መምጣታቸው እጅግ እንዳሳዘነው ገልጾ፣ ናፒየር ራሱ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለሱበት ጊዜ እስኪገኝ በአደራ ይቀመጡ ማለቱን ተናግሯል። በሚቀጥለው ዓመት ከተወሰዱት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች አንዱ ለዐፄ ዮሐንስ ተመልሷል፤ የወርቁ ዘውድ ግን እስካሁን ለንደን ነው።

ለእሱ ዘመቻው የሕይወቱ ከፍታ ሆነ። የመቅደላ ባሮን ተባለ፣ በዓመት 2 ሺህ ፓውንድ ጡረታም ተቆረጠለት። የሂሳብ ጥያቄ የመጣው ዘግየት ብሎ ነው፤ ምክር ቤቱ መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ፈቅዶ ሳለ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ስለ ተጠጋ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሎረንስ በፑንጃብ ያማረረበት ልማድ ነው። ምርመራው ግን ዕድገቱን አላገደውም፤ ከ1870 እስከ 1876 የሕንድ ጦር ዋና አዛዥ፣ ከዚያ እስከ 1883 የጅብራልታር ገዢ ሆነ፣ በ1883ም የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ አገኘ። በጥር 1890 ለንደን ውስጥ በኢንፍሉዌንዛ ሞቶ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተቀበረ።

በመጨረሻ፣ ስለ እሱ ተጨማሪ ለማንበብ የሚፈልግ ሰው ስሞቹን እንዳያምታታ ይጠንቀቅ። በ1843 ሲንድን የያዘው ጄኔራል ሰር ቻርልስ ናፒየር ሌላ ሰው ነው። በ1872 የሕንድን እንደራሴነት ለጥቂት ጊዜ የያዘው የማድራሱ ገዢ ሎርድ ናፒየርም ፍራንሲስ የሚባል ዲፕሎማት ነው፤ በዚያው ዓመት የመቅደላው ናፒየር በሕንድ የጦር አዛዥ ስለ ነበር ሁለቱ «ሎርድ ናፒየር» በአንድ ሰነድ ላይ አብረው ሲጠቀሱ ማግኘት የተለመደ ነው።